ኮከቤ ሰንቡላ ነው

ስድስት ወይ ሰባት ዓመቴ ነበር። ትኩሳቱ ለሳምንታት አልለቅ ሲለኝ እናቴ አዝላ ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ የሚኖሩ አንድ መሪጌታ ጋ ወሰደችኝ። ስሜን ጠየቁ። የእናቴንም ስም ጠየቁ። የሁለታችንን ፊደል በጣታቸው እየቆጠሩ ደመሩ፤ ድምሩን በ12 ገደፉ፤ የተረፈውን ቁጥር ይዘው ዝም አሉ። ጥቂት ቆይተው «ኮከቧ ሰንቡላ ነው» አሉ። ስንመለስ ጀርባዋ ላይ ሆኜ «ሰንቡላ ምንድነው?» ብዬ ጠየቅኳት። «ኮከብሽ ነዋ» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ሃያ ምናምን ዓመት ሰንቡላ ነኝ እያልኩ ኖርኩ። ጓደኞቼ አሰድ ናቸው፣ ሸርጣን ናቸው፣ አቅራብ ናቸው። ወንድሜ ሐመል ነው። ማን ከማን ይስማማል፣ የማን ኮከብ እሳት ነው፣ የማን ውኃ ነው እያልን ስንጫወት አንዳችንም ቃሎቹ ምን ማለት እንደሆኑ ጠይቀን አናውቅም። አሰድ አንበሳ መሆኑን ግማሾቻችን ሰምተናል። ሚዛንማ ሚዛን ነው። የቀሩት ግን ስም ብቻ ነበሩ።

መልሱን ያገኘሁት ዐረብ አገር፣ ሻርጃ ነው።

የምሠራበት ሕንጻ ዘበኛ አንድ የመናዊ ሽማግሌ ነበሩ። «ዐሚ»፣ አጎቴ፣ እላቸዋለሁ፤ «ያ ቢንቲ»፣ ልጄ፣ ይሉኛል። ጳጉሜ ውስጥ ነው፤ የሌሊት ፈረቃ ጨርሼ ሊነጋጋ ሲል ስወጣ በሩ ላይ ቆመው ወደ ደቡብ ያያሉ። ከአድማሱ ብዙም ከፍ ያላለ አንድ ደማቅ ኮከብ አሳዩኝ። «ሱሃይል ወጣ» አሉ። በዚያ አገር ሱሃይል ጎሕ ሲቀድ መታየት ከጀመረ ንዳዱ ሊሰበር ነው፣ ሌሊቱ ሊቀዘቅዝ ነው ማለት ነው። ፊታቸው ላይ ያየሁት ደስታ ክረምት ወጥቶ አደይ አበባ ሲታይ እኛ ፊት ላይ ያለው ዓይነት ነው። እኔም ደስ ብሎኝ «እኛም አገር ኮከብ አለን፣ የእኔ ሰንቡላ ነው» አልኳቸው። «ሱንቡላ!» አሉ፣ የጠፋ ዘመድ ስም እንደሰማ ሰው። ከውኃ ካርቶን ላይ ቀድደው እስኪሪብቶ አወጡ። ቀጥ ያለ አገዳ ሳሉ። በግራና በቀኝ ፍሬ ደረደሩበት። ከእያንዳንዱ ፍሬ ጫፍ እንደ ጺም ረጅም ቀጭን መስመር አወጡ።

የገብስ ዛላ ነበር። እኔ ደግሞ የገብስ አገር ልጅ ነኝ፤ ደብረ ብርሃን አካባቢ ነው ያደግሁት። ያንን ዛላ በእጄ አሽቼ፣ እፍ ብዬ፣ ጥሬውን በልቻለሁ። ለካ ኮከቤ እሱ ነው።

ያቺን የካርቶን ቁራጭ እስከ ዛሬ ይዣታለሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደግሞ አንድ ጥያቄ አለቀቀኝም። የእህል ዛላ ሰማይ ላይ ምን ይሠራል? ማን ሰቀለው? ዕረፍት ባገኘሁ ቁጥር ስለዚህ ጉዳይ ማንበብ ጀመርኩ። ይኸው ስንት ዓመቴ፣ ገና አልጠገብኩም።

መጀመሪያ ያወቅኩት አሥራ ሁለቱ ስሞቻችን ከየት እንደመጡ ነው። ሐመል፣ ሠውር፣ ገውዝ፣ ሸርጣን፣ አሰድ፣ ሰንቡላ፣ ሚዛን፣ አቅራብ፣ ቀውስ፣ ጀዲ፣ ደለዊ፣ ሑት። እንዳሉ የዐረብኛ ስሞች ናቸው። የበግ ጠቦት፣ በሬ፣ መንታዎቹ፣ ሸርጣን፣ አንበሳ፣ ዛላ፣ ሚዛን፣ ጊንጥ፣ ቀስት፣ የፍየል ግልገል፣ የውኃ ባልዲ፣ ዓሣ። ግዕዝ ለዛላ የራሱ ቃል አለው፣ ሰዊት ይለዋል። ለዓሣም ዓሣ የሚል ቃል አለው። ስሞቹ ግን ሰዊትና ዓሣ ሳይሆኑ ሰንቡላና ሑት ሆነው ቀሩ። በመካከለኛው ዘመን ብዙ መጻሕፍት ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ ተመልሰዋልና የዚያ መንገድ አሻራ በየቤታችን፣ በየእናታችን አፍ ላይ አለ። ዐረቦቹ ደግሞ አሥራ ሁለቱን ከግሪኮች ወስደው ነው፣ ግሪኮች ከባቢሎን።

ባቢሎን ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ልቤ እዚያ ነውና።

ሙል አፒን የሚባል የሸክላ ጽሑፍ አለ። ሁለት ጽላት ነው፣ ኩኔይፎርም በሚባለው የሽብልቅ ቅርጽ ፊደል የተጻፈ፣ የከዋክብትን ስም ከነመውጫ ጊዜያቸው የሚዘረዝር። ቀን ከተጻፈባቸው ቅጂዎች ጥንታዊው የ686 ዓመተ ዓለም ነው፤ ይዘቱ ግን ወደ 1000 ዓመተ ዓለም ገደማ እንደሚደርስ ያጠኑት ይናገራሉ። ከቅጂዎቹ አንዱ ለንደን በሚገኘው የብሪታንያ ሙዚየም አለ፤ ከእጅ መዳፍ ብዙም አይበልጥም፣ ፊደሉ ደግሞ ጤፍ ነው። ሙል ማለት ኮከብ ነው። አፒን ማለት ማረሻ። ጽሑፉ የሚጀምረው በማረሻው ነው፣ ከከዋክብቱ ፊት የሚሄደው እሱ ነው ይላል። ስሙንም ያገኘው ከዚህ ነው።

ይህን ያነበብኩ ቀን መጽሐፉን ዘግቼ ቆየሁ። በዓለም ላይ ካሉት ጥንታዊ የከዋክብት መዝገቦች አንዱ በንጉሥ አይጀምርም፣ በጦርነትም አይጀምርም። በማረሻ ነው የሚጀምረው። ሞፈርና ቀንበር ጎጆ ውስጥ ተሰቅሎ እያየ ያደገ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማንም ሊያስረዳው አያስፈልግም።

ከማረሻው ሌላ ትልም አለ። አብሲን ይሉታል፣ በማረሻ የተሰነጠቀው መስመር፣ ዘር የሚወድቅበት። ትልሙ ከሻላ ጋር የተያያዘ ነው፤ ሻላ የእህል አምላካቸው ነበረች፣ ዛላ ይዛ ነው የምትታየው። ግሪኮች ሲረከቡት ዛላ የያዘች ድንግል አደረጓት፣ ዐረቦች ደግሞ ሴቲቱን ትተው ዛላውን ብቻ ሱንቡላ አሉት። በዚያ የከዋክብት ስብስብ ውስጥ ያለው ደማቁ ኮከብ ዛሬ በዓለም ዙሪያ ስፓይካ ይባላል፣ እሱም በላቲን ዛላ ማለት ነው። ቋንቋው ይቀያየራል፣ መንግሥት ይወድቃል፣ ሃይማኖት ይለወጣል፣ ዛላው ግን ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ እኔን አዝላ ወደ መሪጌታ እስከሄደችው እናቴ ደረሰ።

ወንድሜ ሐመል ነው ብያችኋለሁ። ሐመል የበግ ጠቦት ነው፣ ግሪኮችም በግ ነው የሚሉት። ባቢሎኖች ጋ ግን በግ አልነበረም። ሉ ሁንጋ ይሉታል፣ ትርጉሙ ቅጥር ሠራተኛ ነው። የቀን ሠራተኛ። የእርሻ ሥራ ሲበረታ በደሞዝ የሚቀጠረው ሰው። ሉ የሚለው ድምፅ በሱመርኛ ሰውም በግም ሊሆን ስለሚችል በጽሑፍ ላይ ሰውዬው ቀስ በቀስ በግ ሳይሆን አልቀረም ብለው ብዙዎች ይገምታሉ።

ወንድሜ አሥራ ስምንት ዓመት ሳይሞላው ጀምሮ በየግንባታው ድንጋይና ስሚንቶ ተሸክሟል። ወደ ሻርጃ የሄድኩበትን ገንዘብ የከፈለው እሱ ነው፣ በቀን ሥራ። ከሦስት ሺህ ዓመት በፊት አንድ ጸሐፊ ጭቃ ላይ በሸምበቆ ብዕር የቀን ሠራተኛውን ከአማልክቱ መንገድ ላይ አስቀመጠው፣ ጨረቃ በየወሩ ደጃፉ ላይ እንድታልፍ። ይህን ለወንድሜ ስነግረው «እውነትሽን ነው?» አለኝ፣ ዝም አለ፣ ከዚያ እንደገና እንድነግረው ጠየቀኝ።

ቁጥሩ ለምን 12 ሆነ ለሚል፣ በሙል አፒን ውስጥ በጨረቃ መንገድ ላይ የተዘረዘሩት ከ12 በላይ ናቸው፣ አሥራ ሰባት ወይም አሥራ ስምንት። በ5ኛው ክፍለ ዘመን ዓመተ ዓለም ባቢሎኖች መንገዱን በ12 እኩል ክፍል፣ እያንዳንዱን በ30 ዲግሪ ከፈሉት። ምክንያቱ የዓመቱ 12 ወር ነው። ለሒሳብ እንዲመች የቀሩት ወጡ።

ግብፅ ሌላ ነገር ነው። ከባቢሎን ይልቅ ለእኛ ይቀርባል፤ እንዴት እንደሚቀርብ እነግራችኋለሁ።

ግብፃውያን ከሁሉ አብልጠው የሚጠብቁት ሶፕደት የሚሏትን ኮከብ ነበር፤ ዛሬ ሲሪየስ የምትባለው፣ ከሌሊቱ ከዋክብት ሁሉ ደማቋ። በዓመት ውስጥ ለ70 ቀን ያህል ከፀሐይ ጋር ስለምትሆን አትታይም። ከዚያ በሐምሌ አንድ ቀን ሊነጋ ሲል በምሥራቅ ብልጭ ትላለች። በዚያው ሰሞን ደግሞ ዓባይ ይሞላ ነበር። ስለዚህ ኮከቧ የሙላቱ አብሳሪ ነበረች፣ የአዲስ ዓመትም ምልክት። ኦሪዮን የምንለውን የከዋክብት ስብስብ ሳህ ብለው ከአምላካቸው ከኦሲሪስ ጋር አያያዙት፣ ሶፕደትን ከሚስቱ ከኢሲስ ጋር። ዓመታቸውን 30 ቀን ባላቸው 12 ወራትና በ5 ተጨማሪ ቀን ከፈሉት። ይህ አከፋፈል በቅብጦች በኩል እኛ ጋ ደርሷል። ጳጉሜ የምንላት ያቺ ናት።

ግን አስቡት። ያ ሙላት ከየት መጣ? ከእኛው ክረምት ነው። ጎጃም ላይ የዘነበው፣ ሸዋና ወሎ ላይ የዘነበው፣ በዓባይና በተከዜ ወርዶ ነው ግብፅን ያጥለቀልቅ የነበረው። እነሱ ሐምሌ ላይ በጠራ ሰማይ ሥር ኮከቧን ሲጠብቁ ውኃው የተነሣበት አገር ሰማዩ በደመና ተሸፍኖ ነበር። የእኔ ቅድመ አያቶች በዚያ ሰሞን ሶፕደትን አላዩም። ጭጋግ ነው፣ ነጎድጓድ ነው፣ የሚያዩት ጭቃውንና በሬውን ነው። አንዱ ሕዝብ ዝናቡን አየ፣ ሌላው ኮከቧን፣ ሁለቱም ያዩት ያንኑ አንድ ውኃ ነው። ሐምሌ ላይ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ሆኜ ዝናቡን ስሰማ አሁን አሁን ይህ ሳይታወሰኝ አያልፍም።

ሰው ሰማይን የሚሰይመው ምድር ላይ በያዘው ጉዳይ እንደሆነ ለማየት ግን ሰባቱን የሰሜን ከዋክብት የመሰለ የለም። ሁሉም አይቷቸዋል። ግሪኮች ድብ አሏቸው፤ ባለቅኔያቸው ሆሜር ድብ፣ በሌላ ስሙም ሠረገላ ብሎ ይጠራቸዋል። ባቢሎኖችም ሠረገላ ብለዋል። ግብፃውያን የበሬ የፊት እግር አሏቸው፣ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ዓመተ ዓለም ሰነንሙት የተባለ ሹም ባሠራው መቃብር ጣሪያ ላይ በሬው ተሥሎ ይታያል። ሕንዶች ሰባቱ ጠቢባን፣ ቻይናዎች የሰሜን ጭልፋ። ቻይና ላይ ብዙ አልቆይም፣ ራሱን የቻለ ዓለም ነው፦ 283 የከዋክብት ስብስብ፣ 1464 ኮከብ፣ በመካከል የንጉሠ ነገሥቱ ግቢ፣ ዙሪያውን ሹማምንት፣ ገበያ፣ እስር ቤት፣ ወጥ ቤት፣ መጸዳጃ ቤት ሳይቀር። ሙሉ መንግሥት ነው ሰማይ ላይ ያወጡት።

ዐረቦች ግን እነዚያን ሰባት ከዋክብት «በናት ነዕሽ» አሏቸው። የቃሬዛው ሴት ልጆች። አራቱ ኮከብ አስከሬን የተኛበት ቃሬዛ ነው። ከኋላ ተከትለው የሚሄዱት ሦስቱ ለቀስተኞች ናቸው፣ የሟች ልጆች። የመጨረሻው ኮከብ ዛሬም አልካይድ ነው የሚባለው፣ መሪዋ ማለት ነው። በረሃ ውስጥ ሌሊት የሚጓዝ ሰው ቀና ሲል ያየው ድብ አይደለም፣ ሠረገላም አይደለም፤ ለቅሶ ነው፣ ቀስ እያለ ሌሊቱን ሙሉ የሚዞር።

አባቴ ያረፈው እኔ ሻርጃ እያለሁ ነው። ለቀብሩ አልደረስኩም። በዚያ ሰሞን ሌሊት ጣሪያ ላይ ወጥቼ እነዚያን ሦስት ከዋክብት አያቸው ነበር። ስማቸውን ያስተማሩኝ ዐሚ ናቸው። ሌላ የምለው የለኝም፣ ብቻ ያንን ስም ያወጣውን ሰው፣ ማንም ይሁን፣ አመሰግነዋለሁ።

ሆሜር ስለ ድቡ ሲናገር፣ ከከዋክብት ሁሉ እሷ ብቻ በውቅያኖስ አትታጠብም ይላል። አትጠልቅም ማለቱ ነው። ለግሪክ ልክ ነው። ለእኛ ግን አይደለም፤ ደብረ ብርሃን ላይ ሆኖ ለሚያይ ድቡ ይወጣል፣ ይጠልቃል። የሰሜኑ ኮከብ ራሱ ከአድማስ ወደ 10 ዲግሪ ብቻ ነው ከፍ የሚለው፣ አንድ ተራራ ቢኖር ይጋርደዋል። የስም ታሪክ ሲነገር ሰያሚው የቆመበት ቦታ አብሮ ይነገራል።

ይህ በደቡቡ ሰማይ ይበልጥ ጎልቶ ይታያል። የከዋክብት ሊቁ ቶለሚ በ150 ዓ.ም ገደማ እስክንድርያ ሆኖ 1022 ኮከቦችን በ48 ስብስብ መዝግቧል። ከእስክንድርያ አድማስ በታች ያለውን ግን ሊያይ አይችልም። ስለዚህ ከጥንታዊዎቹ ስሞች በታች፣ በደቡብ ዋልታ ዙሪያ፣ ትልቅ ባዶ ቦታ ቀረ። የእኛ ደጋ አገር ሰው ቶለሚ ፈጽሞ ያላያቸውን ከዋክብት በየዓመቱ ያያል። ያንን ባዶ ቦታ የሞሉት በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የሆላንድ መርከበኞች ናቸው፣ በየደረሱበት ባዩት ወፍና ዓሣ። ቀጥሎ በ1750ዎቹ ፈረንሳዊው ላካይ ከደቡብ አፍሪካ ሆኖ 14 ጨመረ። እሱ የሳይንስ ሰው ስለነበር ቴሌስኮፕ፣ ማይክሮስኮፕ፣ የአየር ፓምፕ፣ ምድጃ፣ ሰዓት ብሎ ሰየማቸው። አርሶ አደሩ ማረሻውን ሰማይ ላይ እንዳወጣ፣ ላካይም የሥራ ዕቃውን አወጣ። ዛሬ በይፋ የሚታወቁት 88ቱ ስብስቦች የዚህ ሁሉ ድምር ናቸው፤ ወሰናቸው የተሰመረው እ.ኤ.አ. በ1930 ነው።

የደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራራ ሕዝቦች ደግሞ ከዋክብቱን ትተው በመካከላቸው ያለውን ጨለማ ሰየሙ። በፍኖተ ሐሊብ ውስጥ ያሉትን ጥቁር ቦታዎች ላማ፣ ቀበሮ፣ እንቁራሪት አሏቸው። ይህን ካነበብኩ ወዲህ ጨለማውንም ማየት ለምጃለሁ።

አሁን ስለ ካሲዮፔያ ካላወራሁ አንባቢ ይቀየመኛል። በግሪኮች ተረት ንጉሥ ቄፌዎስ፣ ንግሥት ካሲዮፔያና ልጃቸው አንድሮሜዳ የኢትዮጵያ ቤተ መንግሥት ናቸው። ሦስቱም ሰማይ ላይ አሉ። ንግሥቲቱ በውበት ተመካች፣ የባሕሩ አምላክ አውሬ ላከ፣ ልጅቱ ከዓለት ጋር በሰንሰለት ታሰረች፣ ፐርሴዎስ መጥቶ አዳናት። ይህን የሚያጋሩ ወገኖቼን ደስታ እረዳለሁ፣ እኔም መጀመሪያ ስሰማ ሰውነቴን ውርር አድርጎኛል። ግን እውነቱን መናገር ይሻላል። ግሪኮች አይቲዮፒያ ሲሉ ፊታቸው የጠቆረ ሰዎች የሚኖሩበትን ሩቅ ደቡብ ማለታቸው ነው፣ ዛሬ ካርታ ላይ ያለችውን አገር ለይተው አይደለም። ታሪኩ የሆነው ኢዮጴ፣ የዛሬዋ ያፋ ነው ያሉም ነበሩ። ተረቱ የእነሱ ነው፣ እኛ አላወጣነውም።

እኔን ይበልጥ የሚነካኝ ያንኑ የካሲዮፔያን ስብስብ ዐረቦች የሰጡት ስም ነው። «አል ከፍ አል ኸዲብ» ይሉታል፣ በሂና የተቀባ እጅ። ሱረያ፣ እኛ ሰባቱ ከዋክብት የምንላቸው (የሰሜኖቹ አይደሉም)፣ ሴት ናት። ከእሷ ተነሥቶ የተዘረጋው ክንድ እዚያ ድረስ ይሄድና በሂና በቀላ መዳፍ ያልቃል። ከካሲዮፔያ አምስት ከዋክብት አንዷ ዛሬም ካፍ ነው ስሟ፣ መዳፍ። ለሙሽራ እጅ ሂና፣ ለጥፍር እንሶስላ ሲደረግ ያየች ሴት ያንን ክንድ አንዴ ካየችው በኋላ አትስተውም። ከዙፋን ላይ ከተገለበጠች ንግሥት ይልቅ ለእኔ ያ እጅ ይቀርበኛል።

የዐረብኛ ስሞች በዓለም ሰማይ ላይ መቅረታቸው ብዙ ሊቃውንት የደከሙበት ነገር ነው። ከእነሱ ዋነኛው አብዱራሕማን አል ሱፊ እ.ኤ.አ. በ964 ገደማ የቶለሚን ዝርዝር ከዐረቦቹ የቆየ አጠራር ጋር ጎን ለጎን አስቀመጠ። ያ ሥራ ባይኖር ቃሬዛውና የሂናው እጅ ሳይጠፉ ይቀሩ ነበር ብዬ አላምንም። በኦሪዮን ትከሻ ላይ ያለውን ቀዩን ኮከብ ውሰዱ። ቤተልጂውስ ይሉታል። መነሻው «የድ አል ጀውዛእ» ነው፣ የጀውዛእ እጅ። አውሮፓ ውስጥ ሲገለበጥ በአንድ ነጥብ ልዩነት የመጀመሪያው ፊደል ተሳስቶ «የ»ው «በ» ሆነ። ጀውዛእ ማን ናት? የእኛው ገውዝ ናት። ኮከብህ ገውዝ ነው የተባልክ ሁሉ፣ ስምህ በዓለም ሥነ ፈለክ ውስጥ በዚያ ቀይ ኮከብ ላይ ተንጠልጥሎ ይገኛል።

አገራችን ውስጥ ደግሞ ከዚህ ሁሉ የተለየ ሰማይ አለ። የቦረና አያንቱዎች፣ የዘመን ቆጣሪ አዋቂዎቹ፣ ጨረቃ ከተወሰኑ ከዋክብት ጋር ስትገናኝ አይተው ወራቸውን ይቆጥራሉ። ላሚ፣ ቡሳን፣ በከልቻ፣ አልጋጂማ፣ አርብ ጋዱ፣ ኡርጂ ወላ፣ በሳ። ቡሳን ሰባቱ ከዋክብት ናቸው፣ በሳ ደግሞ ያቺው የግብፆች ሶፕደት። ላሚ የሚሏት ትንሽ ሦስት ማዕዘን አለች፤ ባቢሎኖች ማረሻ ብለው ዝርዝራቸውን የጀመሩት ከእነዚሁ ከዋክብት ነው። አንዱ ከሌላው ወሰደ እያልኩ አይደለም። ማንም ሳይነግራቸው ሁለቱም ከዚያች ደብዛዛ ቦታ መጀመራቸው ግን ይደንቀኛል።

ባለፈው ግንቦት ለዕረፍት መጣሁ። እናቴ ቤት መብራት ጠፍቶ ነበር። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ከእራት በኋላ ሁለት ዱካ አወጣሁና ጋቢ ደርበን ደጅ ተቀመጥን። መጀመሪያ ወደ ሰሜን አዙሬ ቃሬዛውን አሳየኋት። ማን እንደሆነ አልጠየቀችኝም፣ አማተበች። ከዚያ የሦስቱን ለቀስተኞች ጠመዝማዛ መስመር በጣቴ እየተከተልኩ ወደ ላይ ወጣሁ፤ መጀመሪያ አርክቱረስ የሚባል ብርቱካናማ ኮከብ፣ መስመሩን ሳይለቁ ወደ ደቡብ ሲወርዱ አንድ ነጭ ኮከብ።

«ያ ነው» አልኳት። «ሰንቡላ።»

ቀና ብላ ብዙ አየችው። የካርቶኗን ቁራጭ ከቦርሳዬ አውጥቼ በስልኬ መብራት አበራሁላት። ዛላ ማለት እንደሆነ፣ ባቢሎኖች ጋ ሹቡልቱ፣ ዕብራውያን ጋ ሺቦሌት እንደሚባል፣ በመሳፍንት ላይ በዮርዳኖስ መሻገሪያ «ሺቦሌት በል» እየተባለ ሰው የሞተበት ቃል እሱ እንደሆነ ነገርኳት። ወሬዬን አላስጨረሰችኝም።

«ታዲያ ሰብል አትይኝም?» አለችኝ።

ዝም አልኩ። ሰንቡላ። ሰብል። እነዚያን ሁሉ ቋንቋዎች ስዞር ከርሜ አጠገቤ ያለውን ቃል አላየሁትም ነበር። ሥሩ ያው ነው። «ን»ዋን አውጡና ስሙት።

«የገብስ ነው የስንዴ?» አለች ደግሞ ወደ ካርቶኗ ጎንበስ ብላ።

«የገብስ ይመስለኛል፣ እነሱ አብዝተው የሚዘሩት ገብስ ነበር።»

«ጥሩ» አለች። ካርቶኗን ጭኗ ላይ አደረገች። ጥቂት ቆይታ «የወንድምሽንስ አሳዪኝ» አለችኝ።

«የእሱ አሁን አይታይም እማዬ። ፀሐይ ጋ ነው። መስከረም ላይ ነው ማታ ማታ በምሥራቅ የሚወጣው።»

ጋቢዋን ወደ ትከሻዬ ሳብ አደረገችልኝ።

«እስከ መስከረም ትቆያለሽ?»